የቆሎ ተማሪ ቀላቢዎች

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ አንባቢ በዛብህን የወደደው ለፍቅሩ ነው። በዛብህ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የማንኩሳ ልጅ። ማንኩሳ ከቡሬ ወዲያ ናት፤ ከአዊዋ አዘናም እጅግ ሩቅ አይደለችም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ስለተማሩ ያን ሕይወት ከውስጥ ያውቁታል። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን የበዛብህን ፍቅር ሳይሆን እራቱን ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ማን አበላው?

በአብነት ትምህርት ቤት የሚከፈል ገንዘብ የለም። ልጁ ከፊደል እስከ ዳዊት በመንደሩ ይማርና፣ ዜማ ወይም ቅኔ ፍለጋ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዲማ። ከትውልድ ደብሩ መራቁ ልማድ ነው። እዚያ ሲደርስ አባቱ ባለ ብዙ ጥማድ ቢሆን፣ እናት አባቱንም ወረርሽኝ ፈጅቶበት ቢሆን፣ በየደጁ ቆሞ የሚለው አንድ ነው፤ «በእንተ ስማ ለማርያም»።

እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። የሙት ልጅ ከጓደኞቹ ተለይቶ አይታወቅም። የባለጸጋው ልጅም ትሕትና እንዲማር ይለምናልና፣ ድህነት የአንዱ ወይም የሌላው ጉዳት መሆኑ ቀርቶ የትምህርቱ ሥርዐት ይሆናል። «ይህ ልጅ አሳዳጊ የለውም» ብሎ የሚመዘግብ አልነበረም፤ የሚያስፈልግም አልነበረም።

በሰባት ቤት አገው አገር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይጨምራል። አዘና ስሟን ከሰባቱ ቤቶች ከአንዱ ጋር የምትጋራ ናት። በዚያ አገር ተማሪው ደጅ ላይ በግእዝ ይለምናል፤ ቆሎ ወይም ድንች ይዛ የምትወጣው እናት ልጆቿን የምትጠራው በአውንጊ ነው። ከዚያው ቤት የወጣ ልጅ ቅኔ ልማር ቢል፣ የእናቱን ቋንቋ ይዞ በአማርኛ የሚተረጎምለትን ግእዝ ያጠናል፤ በሦስት ቋንቋ መካከል ሁለት ስንኝ ያላት ጉባኤ ቃና ለመቁጠር ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያድራል። ያን ልጅ ደግሞ የሌላ አገር እናት ታበላዋለች።

ሥርዐቱን ግን አላሳምረው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ ሲራቆት አኩፋዳውም ባዶ ይመለሳል። ውሻ የነከሰው ተማሪ ብዙ ነው። በጠባብ ጎጆ ተጣበው ሲያድሩ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ይገባል፤ የሚያስታምማቸውም ያው ጓደኛቸው ነው። ሴት ልጅ ደግሞ አኩፋዳ ይዛ ከአገር አገር አትዞርም ነበር። በጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የቅኔ መምህር ልጅ ነበሩ፤ ትምህርቱን ከአባታቸው ቤት አገኙት። መምህር አባት የሌላት ድሀ ልጅ ግን ወዴት ትሂድ?

ከደጅ ደጁ ልመና በተጨማሪ ሁለት ምሰሶዎች ነበሩ። አንዱ ተዝካር ነው፤ ሟች ሲዘከር ተማሪ ከየጎጆው እየጎረፈ ይበላል፣ ለሌላ ቀንም ይቋጥራል። ሁለተኛው የደብሩ መሬት ነው። የኔታ ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩት ከዚያ መሬት በሚደርሳቸው ድርሻ እየኖሩ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ጭሰኛውን ከባላባት ሲያላቅቅ፣ ይህን ድርሻ አብሮ ወሰደው። አዋጁ ለገበሬው የተገባ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ብዙ ጉባኤ ቤቶችን ያለ ቀለብ አስቀርቷል። ጎተራ የሌለው መምህር በየትኛው አቅሙ መቶ ተማሪ ያቆያል?

በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ከሥራዎቹ አንዱ ያደረገው ይህንኑ ቀዳዳ መድፈን ነው፤ ለአብነት መምህራንና ተማሪዎች ድጎማ ይሰጣል። ገንዘቡ ከከተሜ ደመወዝተኛና በውጭ አገር ከሚኖሩ ወገኖች ይሰበሰባል። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህ መንገድ ደስ ይለኛል፤ ገንዘብ ሐምሌም ነሐሴም ሳይል ይደርሳል፣ ከውሻም ያድናል። ነገር ግን ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ ይሻል፤ ስለዚህ በየትኛውም የዕርዳታ ድርጅት ዘንድ ስም ዝርዝር ይመጣል፣ ፎቶግራፍ ይመጣል፣ «ወላጅ አልባ» የሚል ዐምድ ይመጣል። አኩፋዳው ሸፍኖት የነበረውን ልጅ ቅጹ በስሙ ይጠራዋል።

በዚያው ቅጽ ላይ ግን «ፆታ» የሚልም ዐምድ አለ። አኩፋዳ ያላነገተችው የአዘና ልጅ የምትጻፍበት ቦታ ይኸው ነው፤ እስካሁን ግን በጉባኤ ቤቶቻችን የሚበዙት ወንዶች ናቸው።