በክረምት ቤት የሚሠራለት ሎሚና የጋርዳ አምራቾች ማኅበር

እንደሚታወቀው የኅብረት ሥራ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ መነሻ የሚደረገው እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች ያቋቋሙት የሸማቾች ማኅበር ነው። ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1840፣ በሰሜን ጣሊያን ጋርኛኖ በምትባል ትንሽ ከተማ የሎሚ አምራቾች ምርታቸውን በአንድነት የሚሸጡበት «የጋርዳ ሐይቅ ማኅበር» የተባለ ድርጅት መመሥረታቸው ግን ብዙም አይወሳም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጋርዳው ሎሚ እኛ አገር ሎሚ የምንላት ትንሿ ክብ ፍሬ አይደለም። ሞላላ፣ ቢጫና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። ዛፉ ውርጭ አይችልም። ጋርዳ ደግሞ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ የሚገኝ ሐይቅ ነው።

ብርድ ባለበት አገር ሎሚ ማሳደግ በመጀመሪያ የመሳፍንት ሥራ ነበር። በፍሎረንስ አጠገብ የሜዲቺ ቤተሰብ በካስቴሎ የአትክልት ሥፍራው ሎሚን ጋን በሚያካክል የሸክላ ዕቃ እየተከለ ለክረምት ወደ ቤት ያስገባ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ከ1684 እስከ 1686 በቬርሳይ ባሠራው ታላቅ አዳራሽም በእንጨት ሣጥን የተተከሉ ብርቱካንና ሎሚ ይከርሙበት ነበር። በዕቃ የተተከለ ዛፍ ሥሩ ስለሚታፈን ውኃና ማዳበሪያ በየጊዜው ይሻል፣ ተሸካሚም ይፈልጋል። ለንጉሥ ይህ ምንም አይደለም፤ ሸጦ ለሚያድር ገበሬ ግን አያዋጣም።

የጋርዳ ሰዎች ነገሩን ገለበጡት። ዛፉን መሬት ላይ ተክለው ቤቱን ተንቀሳቃሽ አደረጉት። ፀሐይ በሚያገኘው ዳገት ላይ እርከን ሠርተው በሦስት በኩል ግንብ አቆሙ፤ በመካከሉም ረጃጅም የድንጋይ ምሰሶ ደረደሩ። ኅዳር ሲገባ በምሰሶዎቹ ላይ ሳንቃ ይነጠፋል፣ በሐይቁ በኩል መስታወት ይገጠማል፤ ብርዱ ሲጠና ውስጡ እሳት ይነድዳል። ብርዱ ሲያልፍ ሁሉም በእጅ ፈርሶ እስከሚቀጥለው ክረምት በመጋዘን ይቀመጣል። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ በመስከረም 1786 በጀልባ ሲያልፍ እነዚህን ነጫጭ ምሰሶዎች አይቶ በማስታወሻው ጽፏል።

ይህ ሁሉ እንጨት፣ መስታወትና ጉልበት ወጪ ነው። ወጪውን የሚመልሰው የሰሜን አገሮች ገበያ ነበር። ይሁን እንጂ ግንብ መገንባት የሚችል አምራች ብቻውን ከነጋዴ ጋር ሲደራደር አቅም አልነበረውም፤ ሎሚው ከበሰለ በኋላ መጠበቅ አይችልምና። ማኅበሩ የአባላቱን ፍሬ አሰባስቦ በአንድነት ለገበያ ማቅረቡ ለዚህ መልስ ነበር። ያ ድርጅት ዛሬ በምንሰጠው ትርጉም ሙሉ በሙሉ ኅብረት ሥራ ነበር ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የተነሣበት ችግር ግን ለማንኛውም የዩኒየን አባል እንግዳ አይደለም።

መከራው የመጣው ከ1850ዎቹ ጀምሮ ነው። ግንዱን ሙጫ እያስለቀሰ የሚያደርቅ በሽታ ገባ። በኮምጣጣ ብርቱካን ግንድ ላይ አዳቅሎ መትከል በሽታውን ይቋቋም ስለነበር ብዙዎች እንደገና ተከሉ፤ አዲስ ዛፍ ግን ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይወስዳል። በዚህ መካከል ጣሊያን በ1861 አንድ መንግሥት ሆነች፣ የባቡር ሐዲዱም ተስፋፋ። ቤት የማያስፈልገው የሲሲሊ ሎሚ በርካሽ ወደ ሰሜን ይጎርፍ ጀመር። በእኔ አስተያየት ከበሽታው ይልቅ የጎዳቸው ይህ ነው። በሽታውን በማዳቀል ተቋቁመውታል፤ ፀሐይን በነፃ ከሚያገኝ ተወዳዳሪ ጋር ግን በዋጋ መወዳደር ማኅበርም ቢሆን አይችልም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባሩ እስከ ሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ ቀርቦ ስለነበር የመሸፈኛው እንጨት ለጦር ሠራዊቱ ተወሰደ። ከ1919 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሎሚ አሲድ ከስኳር በሻጋታ አማካይነት በፋብሪካ ይመረት ጀመር። በ1928/29 ክረምት የወረደው ከባድ ውርጭ የተረፈውን ዛፍ ፈጀው፤ አብዛኞቹም መልሰው አልተከሉም።

ዛሬ በጋርኛኖና በሊሞኔ ዳገቶች ላይ ጣሪያ የሌላቸው ምሰሶዎች ተሰልፈው ይታያሉ። ጥቂቶቹ ታድሰው ሎሚ ተተክሎባቸዋል። በሊሞኔ ካስቴል የተባለው የሎሚ ቤት በማዘጋጃ ቤቱ እጅ ሆኖ ለጎብኚዎች ክፍት ነው።