ስማቸውን የተውና ስማቸውን የተነፈጉ

ከጋሞ ምድር ተነሥቶ በኢትዮጵያ የታሪክ መጻሕፍት ስሙ ጸንቶ የቆየ ቀደምት ሰው ማነው ቢባል መልሱ አባ ባሕርይ ነው። ይህ መነኩሴ በ16ኛው መቶ ዘመን የኦሮሞ መስፋፋት አገሩ ጋሞ ድረስ ሲዘልቅ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ የኦሮሞን ሕዝብ ነገዶችና የገዳን ሥርዓት በግዕዝ ጽፎ አቆየልን። በዚያች አጭር ጽሑፍ አንድ ከባድ ጥያቄ ያነሣል፦ ብዙ ሆነን፣ መሣሪያም ሳናጣ ስለምን ተሸነፍን? ሲመልስም የአገሩን ሰው በ10 ይከፍልና የሚዋጋው አንዱ ክፍል ብቻ ነው ይላል። ከማይዋጉት 9 ክፍሎች መካከል መነኮሳት፣ ገበሬዎችና ነጋዴዎች አሉ፤ ቀጥቃጭና አናጢን የመሳሰሉ ባለእጆችም አሉ። ባሕርይ ራሱ ከማይዋጉት ወገን ነበር፤ ስሙን ያኖረለት ብዕሩ ነው። ዛሬ ጋሞ በአገር ሁሉ የሚታወቀውም በማይዋጉት ነው፤ በሸማኔዎቹና በአስታራቂ ሽማግሌዎቹ። የእነርሱን ስም ግን የሚጠራ የለም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሽማግሌዎቹ ስማቸውን በፈቃዳቸው ትተውታል፤ ሸማኔዎቹ ግን ተነፍገዋል። የመጀመሪያው ሊከበር፣ ሁለተኛው ሊታረም ይገባዋል።

ከሽማግሌዎቹ እንጀምር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ግድያና መፈናቀል ሲደርስ ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። መርዶው አርባ ምንጭ ሲገባ ወጣቱ ለበቀል ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። በአገሩ ባህል ሳር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ ነውር ነውና የተቆጣው ወጣት ተመለሰ። ፎቶግራፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ከሥሩ የሚጻፈው ግን በአብዛኛው «የጋሞ አባቶች» የሚል ነበር። ይህ የጋዜጠኛ ስንፍና አይመስለኝም። በጋሞ ደጋ ሸንጎው ዱቡሻ ይባላል፤ ጉዳይ የሚያልቀው በዚያ በሚደረግ ምክክር ነው። በሸንጎ ተመርጦ ሃላቃ የሚባለውን ማዕረግ የሚይዝ ሰው ብዙ ሀብት አውጥቶ ይደግሳል፣ ቅቤ በራሱ ላይ አድርጎ በገበያ መካከል ይታያል፣ የተወሰነለትን ጊዜ ሲጨርስ ደግሞ ማዕረጉን ለተተኪው ያስረክባል። ክብሩ የሹመቱ ነው፤ ሰውየው ለጊዜው ተሸክሞት ያልፋል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ያደገ ሽማግሌ የተንበረከከው በአባትነት ማዕረጉ ነው። ሐውልት ቢቆምለት ምናልባት ያፍርበት ነበር።

የሸማኔው ነገር ሌላ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ ሲወጣ የሚገኘው ዶርዜ፣ ከቀርከሃ ተሠርተው ወደ ላይ በተመዘዙት ረጃጅም ቤቶቹና በሽመናው የታወቀ ነው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ድርና ማጉን ያገናኛሉ። አገሩ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ ብዙ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ ወጡ፤ ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ መንደራቸውም ገበያቸውም ሆነ። ከተሜው በጥምቀትና በፋሲካ የሚደምቅበት ነጠላ፣ በብርድ የሚደርበው ጋቢ፣ ሙሽራዋ የምትለብሰው ቀሚስ ከእነርሱ እጅ የሚወጣው ብዙ ነው። አማርኛ የነጠላውን ጠርዝና ሊቅነትን በአንድ ቃል «ጥበብ» ብሎ ይጠራል፤ ጥበቡን የሠራውን ሰው ግን ጠቢብ ብሎ አላከበረውም። ከሌሎቹ የጋሞ አገሮች፣ ከዶኮም ይምጣ ከዲታ፣ የጋሞ ሸማኔ በአዲስ አበባ ሁሉ «ዶርዜ» ተባለ፤ ቃሉም ብዙ ጊዜ የሚነገረው በንቀት ነበር። ስሙ ቀርቶ የአገሩ ስም እንኳ በቅጡ አልተጠራለትም። ከሽመናው አልፎም ያው ነው። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር ዶርዜ ተቀምጦ አጥንቷል። ነብር ክርስቲያን ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል እያሉ በእነዚያም ቀናት ከብቶቻቸውን ከነብር የሚጠብቁትን ሰዎች ምሳሌ አድርጎ፣ ስለ ሰው ልጅ አስተሳሰብ የጻፈው መጽሐፍ በዓለም ታውቋል። የመጽሐፉ ደራሲ ስም አለው፤ የነብሩን ነገር ያስተማሩት ግን በጥቅሉ «ዶርዜዎች» ናቸው። ስም የሚተርፈው ብዕር ለያዘው ነው፤ ይህን ከባሕርይ ጀምሮ አይተነዋል።

«ሽመና የጋራ ሀብት ነው፤ ጥለቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ እንጂ የአንድ ሰው ፈጠራ አይደለም፤ ስም መጻፍ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ነገር ግን የብራና መጻሕፍቶቻችንን እንመልከት። ዳዊት የሚገለብጥ ጸሐፊ ከራሱ አንድ ቃል አይጨምርም፤ ቃሉ የተወረሰ ነው። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ከመጽሐፉ መጨረሻ ስማቸውን አስፍረው አንባቢው በጸሎት እንዲያስባቸው ይማጸናሉ። ስለዚህ የተወረሰን ሥራ በጥሩ እጅ የሠራን ሰው በስሙ ማስታወስ የራሳችን ልማድ ነው። ለጸሐፊው የተፈቀደው ለሸማኔው ሳይፈቀድ የቀረው ብራናው ስለከበረና እጀ ጥበቡ ስለተናቀ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወዲያኛው ጫፍ ይመጣል፦ የሽማግሌዎቹን ሥርዓት ከልክ በላይ አሳምረኸዋል ይላል። እውነት አለበት። ሃላቃ መሆን ሀብት ይጠይቃል፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በሸንጎው እኩል ቦታ አልነበራቸውም፤ ሴቶችም እንዲሁ፤ ሸንጎው የወንዶች ነበር። ይሁንና ይህ የተነሣንበትን ልዩነት ያጠናክረዋል። ስምን መተው የሚያስከብረው በሸንጎው መቀመጫ የነበረውን ነው፤ መቀመጫ የተከለከለ ሰው የሚተወው ስም የለውም። ለዚህም ነው አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ጁዲት ኦልምስቴድ በጋሞ ደጋ መሪ ስለነበሩት ስለ ወይዘሮ ጪማቴ ጩምባሎ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመችው መጽሐፍ ትልቅ ዋጋ ያለው። አንዲት የገጠር ሴት በስሟ፣ ከነሕይወት ታሪኳ የተመዘገበችበት ነውና። ጪማቴን ያገኘናት የሚጽፍ ሰው ስለደረሰላት ነው፤ ያልተደረሰላቸው ስንት እንደሆኑ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች ሁለት የተለያየ ግዴታ አለብን። ለጋሞ አባቶች ሐውልት ከማቆም ይልቅ ሸንጎአቸውንና ሥርዓታቸውን ከነጉድለቱ በትክክል መመዝገብ ይበቃል፤ ክብራቸውን ያኖሩት እዚያ ነውና። ለሸማኔው ግን ስሙ ይገባዋል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነው የጋሞ የሽመና ልብስ ዱንጉዛ ዛሬ ከጋሞ አልፎ በትልልቅ መድረኮች እየተለበሰ ነው። ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ የሸማኔውን ስም ከጨርቁ ጎን ይጻፍ፤ ቀሚሱን የሚሸጥ ዲዛይነር ከራሱ ስም ሥር የሸማኔውንም ያስፍር፤ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ነጠላ የሚገዛም ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ማን እንደሠራው ይጠይቅ።