ጀጎል የቆመው በየዓመቱ ስለሚታደስ ነው

የጀጎል ግንብ ታሪክ ሲነሣ ቶሎ የሚጠራው የሠራው ሰው ስም ነው። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን በግንብ እንዳጠሩ ሐረር ውስጥ ሕፃን ልጅ እንኳ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ከ450 በላይ ዓመታት ግንቡንና በውስጡ ያሉትን ቤቶች ማን ሲጠግን እንደኖረ ግን እምብዛም አይወራም። እኛ የማኅበሩ አባላት ይህ የታሪኩ ክፍል በይበልጥ የሚመለከተን ይመስለናል።

ግንቡም፣ «ጌ ጋር» የምንላቸው የሐረሪ ቤቶችም የተሠሩት በአብዛኛው ከድንጋይና ከጭቃ ነው። ጭቃ ውኃ ከገባበት ይላላል፤ ድንጋዩም መያዣ ያጣል። ስለዚህ እናቶቻችንና አያቶቻችን ክረምት ሳይገባ የአፈር ጣሪያው እንዲደለደል ያደርጉ ነበር። በዓል ሲደርስ ግድግዳውን ኖራ፣ ወለሉንና ነደባውን ደግሞ ቀይ አፈር ይቀባሉ። ቀዩ አፈር በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። እንዲህ ከሆነ መታሰቢያውም የሚቆየው ቀለሙን የሚያድስ እጅ እስካለ ድረስ ነው።

በከተማዋ ላይ ገዢዎች ተፈራርቀዋል። ከአሚሮቹ በኋላ ግብጾች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ገዙ፤ ጥቂት ቆይቶም የምኒልክ ጦር ገባ። በቀደሙት አምስት በሮች ላይ መኪና የሚያሳልፍ አዲስ በር ተጨመረ። በዚህ ሁሉ መካከል በየቤቱ ኖራ መቅባቱና አፈር መደልደሉ ቀጥሏል።

በ1998 ዓ.ም. ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ሥፍራዎች እንዳሉትም ተመዘገበ። ምዝገባው ክብር ነው፤ ነገር ግን የሚያፈስ ጣሪያ አይደፍንም። ከዚህም ሌላ የቅርብ ጊዜ ችግር አለ። በጭቃ የተገነባ አሮጌ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ለጊዜው ያምራል፤ ውስጥ የገባው እርጥበት ግን መውጫ አጥቶ ጭቃውን ያበሰብሰዋል። ኖራ ርካሽና ደካማ መስሎ ቢታይም ግድግዳውን ያስተነፍሳል። የጥንቶቹ ሴቶች ሥራ በልማድ ብቻ የተያዘ ሳይሆን እውቀት ያለበት ነበር።

ሰው የሚጠቀምበት ቤት ጠባቂ አያጣም። የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ የሚጠራው ሕንጻ ታድሶ የሸሪፍ ሙዚየም በመሆኑ ዛሬ ጎብኚ የማይለየው ቤት ነው። በር ከፍቶ የሚገባና የሚጠርግ ሰው ካለ የተሰነጠቀው ሳይውል ሳያድር ይታያል።

በሒሳብ ሥራ አንድ ንብረት በተገዛበት ዋጋ እንደማይቆይ እናውቃለን፤ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይመዘገብበታል። ለእድሳት የሚመጣ ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው የምረቃው ሪባን በተቆረጠ ማግሥት ነው። ለሚቀጥለው ክረምት ኖራና አፈር መግዣ አይተርፍም። ትንሹ ስንጥቅ ይሰፋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ያው ቤት እንደገና ትልቅ እርዳታ ይለመንለታል።

ከዚህ የሚያወጣውን መንገድ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። የሐረር ሴቶች በአፎቻ ተሰባስበው ለሠርግና ለለቅሶ ሲተጋገዙ ኖረዋል። ችግር ከመድረሱ በፊት ጥቂት በጥቂት ማዋጣትን ከዚያ ተምረናል። ለቤቶቻችንም ይኸው ይሁን፤ በየወሩ ጥቂት ብር ለጥገና መጠባበቂያ እናስቀምጥ። ደጋፊዎቻችንም ለአንድ ቤት እድሳት ገንዘብ ስትሰጡ ከላዩ ለሚቀጥሉት ዓመታት ጥገና የሚሆን ድርሻ ለብቻው እንዲያዝ ጠይቁ።

ከመካከላችን ሞሰብና ስፌት ሠርተው እዚያው በቤታቸው ለጎብኚ የሚሸጡ እናቶች አሉ። ጎብኚው የሚመጣው ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ስፌት ከነቤቱ ለማየት ነው። ግድግዳው ከወደቀ ገበያቸውም አብሮ ይወድቃል።