ከ12ቱ ብልት የተረፈው

በፋሲካ ሳምንት በነበረው የቁጠባ ስብሰባችን ከበዓሉ በተረፈ ዶሮ የሠራሁትን ሾርባ ይዤ መጥቼ ነበር። አንዲት እህታችን ጎድጓዳ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ «ትርፍራፊ ደግሞ ለሰው ይቀርባል?» አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ እኔም እዚሁ ጌጃ ሰፈር ይህንኑ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ግን ነገሩ ከአእምሮዬ ስላልወጣ ልጽፈው ተነሣሁ።

እንደምታውቁት ዶሮ 12 ብልት ነው። በእናቴ ቤት ፈረሰኛው የአባቴ፣ መላላጫው የእንግዳ ነበር። ከሌሊት ጀምራ ላባ የነጨችው፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ ያጠበችው፣ በሽንኩርት ያለቀሰችው እናቴ ግን ማዕድ ሲቀርብ «እኔ መረቁ ይበቃኛል» ትላለች። መረቁም ከ12ቱ ያልተቆጠረው ነበር፦ እግር፣ የክንፍ ጫፍ፣ የጀርባ ስብርባሪ።

ታሪክ የሚጻፈው ስለ ግብር ነው። እቴጌ ጣይቱ በአውሮፓውያኑ 1887 እንጦጦ ማርያም ሲመረቅ ያስደገሱት ድግስ እስከ ዛሬ ይነገራል። በየጓዳው መረቅ ስለጠጣችው ሴት ግን የጻፈ የለም።

መረቁ ወፍራም ሾርባ የሆነው በጎረቤት ነው። ሾርባ የሚለው ቃል ራሱ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ በረመዳን ማታ በአጃ የወፈረው ሾርባ ከሳንቡሳ ጋር ሲቀርብ መርካቶንና አካባቢውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ሥጋዋን እንደማንቀምስ ስለምታውቅ ለእኛ ያለ ሥጋ በአጃ ብቻ ለይታ ትሠራልን ነበር። እናቴ አሠራሩን ከእርሷ ተማረች፤ በዓል ሲመጣ የራሷን የዶሮ መረቅ በአጃ አወፈረችበት።

ችግሩ ከሰል ነበር። የሐበሻ ዶሮ አጥንት ቶሎ እጁን አይሰጥም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል የገባው የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ ይበስላል፤ መረቁ ግን (ይህ የእኔ ፍርድ ነው) የሐበሻውን አያህልም። በቆርቆሮ ምድጃ ሁለት ሰዓት ማንተክተክ ደግሞ ለድሃ ቤት ቅንጦት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላቀች ምድጃ ስትመጣ፣ ውስጧ ሸክላ ስለሆነ ከሰሉን ሩብ ያህል ትቆጥባለች ተባለ። እናቴ አንድ ጊዜ ከገዛቻት በኋላ ወደ ቆርቆሮው አልተመለሰችም። ፍሙን በአመድ ሸፈን አድርጋ ድስቱን ትጥድና ወደ ሌላ ሥራዋ ትሄዳለች።

ወጥ ውስጥ የገባው ዶሮ ለዚህ አይሆንም፤ እርሱ ፍርፍር ይሁን። ከመጀመሪያው የሚለየው አጥንትና እግር ነው፤ ተቀቅሎ ወይም ተጠብሶ የተረፈ ሥጋም ይጨመራል። እግሩ በፈላ ውሃ ተነክሮ ቅርፊቱ ይገፈፋል። አጥንቱ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከካሮት ጋር በቀስታ ሁለት ሰዓት ይንተክተክ፣ ከዚያ ይጠለል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ይበጥበጥ፤ ፍል መረቅ ላይ በደረቁ ከበተናችሁት ይጓጉላል። እየተማሰለ ይጨመር፣ የተፈለፈለው ሥጋ ይግባና እንደገና በደንብ ይፍላ። ወተቱ መጨረሻ ላይ፣ ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው። አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ሾርባው ምድጃ ላይ ለብ እንዳለ አይደር፤ ይበላሻል።

ወቅቱም ያግዛል። ከፋሲካ በኋላ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም የተረፈው የጾም ቀን እስኪያልፍ አይጠብቅም።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ ያመጣችልኝ ይኸው ሾርባ ነበር። ያን ቀን ግን ፈረሰኛውንም ፈልፍላ ጨምራበታለች። አባቴ ምን እንዳለ አልጠየቅኋትም።

ያቺ እህታችን ሳህኑን ወደ ጎን ብትገፋውም፣ ስብሰባው ሲያልቅ ሳህኖቹን ስሰበስብ የእርሷም ባዶ ነበር።