ሕዋሳት ኢኖሲቶልን ከስኳር የሚሠሩበት ሂደትና ሁለቱ ኢንዛይሞች

ኢኖሲቶል በሰው፣ በእንስሳት፣ በዕፅዋትና በእርሾ ሕዋሳት ውስጥ የሚገኝ ጣፋጭ ጣዕም ያለው ንጥረ ነገር ነው። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዮሐን ዮሴፍ ሼረር እ.ኤ.አ በ1850 ከጡንቻ ሥጋ ለይቶ ያወጣው ሲሆን፣ ስያሜውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ጅማት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ለረጅም ጊዜ ከቢ ቫይታሚኖች ተርታ ሲመደብ ቢቆይም፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው መሆኑ ከታወቀ ወዲህ በቫይታሚንነት መቆጠሩ ቀርቷል። የአንድ ጤነኛ ሰው ሁለት ኩላሊቶች ብቻ በቀን 4 ግራም ያህል ኢኖሲቶል እንደሚያመርቱ ይገመታል።

የምርቱ ጥሬ ዕቃ ግሉኮስ የተባለው የስኳር ዓይነት ነው። ሁለቱም በ6 ካርቦን፣ በ12 ሃይድሮጅንና በ6 ኦክስጅን አቶሞች የተገነቡ በመሆናቸው በቀመር ደረጃ ልዩነት የላቸውም። ልዩነታቸው በአደረጃጀት ነው። የግሉኮስ ቀለበት በአምስት ካርቦኖችና በአንድ ኦክስጅን የሚዘጋ ሲሆን፣ የኢኖሲቶል ቀለበት ግን ስድስቱም ካርቦኖች እርስ በርስ ተያይዘው የሚፈጥሩት ነው። በመሆኑም የሕዋሱ ተግባር በመጨረሻው ሒሳብ አንድም አቶም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ቀለበቱን በሌላ መልክ መዝጋት ነው ማለት ይቻላል።

ሂደቱ የሚጀምረው ፎስፌት ከተያያዘበት ግሉኮስ ነው። አብዛኛው የዚህ ንጥረ ነገር ክፍል ኃይል ወደማመንጨት የሚሄድ ሲሆን፣ ጥቂቱን ወደ ኢኖሲቶል የሚመልሰው ኢኖሲቶል ፎስፌት ሲንቴዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ በመጀመሪያ ከአምስተኛው ካርቦን ላይ ሃይድሮጅን ወስዶ ኤንኤዲ ለተባለው ረዳት ሞለኪውል ያስረክባል። ቀጥሎም ከስኳሩ አንደኛና ስድስተኛ ካርቦኖች መካከል አዲስ ትስስር በመፍጠር ቀለበቱን ይዘጋል። በመጨረሻም በአደራ የተሰጠውን ሃይድሮጅን ከኤንኤዲ ተቀብሎ ይመልሳል። ኤንኤዲው እንደነበረ ስለሚቀር፣ በሒሳብ መዝገብ ቋንቋ ገቢና ወጪው እኩል ነው።

ሁለተኛው ኢንዛይም ኢኖሲቶል ሞኖፎስፋቴዝ ይባላል። ሥራው ቀላል ነው፤ በማግኒዚየም እየታገዘ ፎስፌቱን ቆርጦ በማስወገድ ኢኖሲቶሉን ነፃ ያወጣል።

የምርቱ ቁጥጥር በስፋት የተጠናው በዳቦ እርሾ ላይ ነው። እርሾው በአካባቢው በቂ ኢኖሲቶል ሲያገኝ የመጀመሪያውን ኢንዛይም የሚያሠራውን ኢኖ1 የተባለ ጂን ይዘጋል፤ ኢኖሲቶል ሲጠፋ ደግሞ መልሶ ይከፍታል። ይህ ጂን የተበላሸበት እርሾ ኢኖሲቶል ከውጭ ካልቀረበለት በስተቀር ማደግ አይችልም።

ሕዋሱ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢኖሲቶል የሕዋስ ሽፋን ቅባቶች አካል ከመሆኑም በላይ መልእክት አስተላላፊ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ማይክል ቤሪጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ1983 እንዳሳዩት፣ ከሽፋኑ ተቆርጦ የሚወጣው ሦስት ፎስፌት ያለው ኢኖሲቶል በሕዋሱ ውስጥ የተከማቸ ካልሲየም እንዲለቀቅ ያደርጋል።

ጉዳዩ ከሕክምና ጋር የሚገናኘው በሁለተኛው ኢንዛይም በኩል ነው። አውስትራሊያዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ኬድ እ.ኤ.አ በ1949 ሊቲየም ከልክ ያለፈ የስሜት መነሣሣት የሚታይባቸውን ሕሙማን እንደሚያረጋጋ ይፋ ሲያደርግ፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ በ1971 ሊቲየም የተሰጣቸው አይጦች በአንጎላቸው ውስጥ ያለው ኢኖሲቶል ቀንሶ ተገኘ። እ.ኤ.አ በ1980 ደግሞ ሊቲየም ኢኖሲቶል ሞኖፎስፋቴዝን እንደሚገታ ታወቀ። በደም ውስጥ ያለው ኢኖሲቶል ወደ አንጎል እንደልብ ስለማይገባ፣ አንጎል በአብዛኛው የሚተማመነው ራሱ በሚሠራውና ከተጠቀመበት በኋላ መልሶ በሚያገኘው ላይ ነው። ሁለቱም መንገዶች በዚሁ ኢንዛይም በኩል ያልፋሉ። ከዚህ በመነሣት ቤሪጅና ባልደረቦቹ ሊቲየም ከመጠን በላይ የሚሠሩ የነርቭ ሕዋሳትን ኢኖሲቶል በማሳጣት ያረጋጋል የሚል መላ ምት አቅርበዋል። መላ ምቱ አሳማኝ ጎን ቢኖረውም ክርክሩ አልተቋጨም፤ ሊቲየም ሌሎች ኢንዛይሞችንም የሚገታ መሆኑ ታውቋል። የሚፈውሰውና የሚመርዘው መጠን የሚቀራረቡ በመሆናቸውም መድኃኒቱን የሚወስዱ ሕሙማን ደማቸው በየጊዜው ሊመረመር ይገባል።

በሰብል ዘሮች ውስጥ ኢኖሲቶል ስድስት ፎስፌቶችን ተሸክሞ ፋይቲክ አሲድ በሚባል መልክ ይከማቻል። ለሚበቅለው ዘር የፎስፎረስ ስንቅ ሲሆን፣ ለተመጋቢው ግን ብረትንና ዚንክን አጥብቆ በመያዝ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ ያደርጋል። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሲብላላ የፋይቲክ አሲዱ መጠን ይቀንሳል፤ እናቶች ለጣዕሙና ለዓይኑ ብለው የሚያቦኩት ሊጥ ይህን ጥቅምም ይሰጣል ማለት ነው።

አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ኢኖሲቶል አይሠሩም። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የቲቢ ባክቴሪያ ግን ይሠራል፤ ለግድግዳው ቅባቶችና ከጉዳት ለሚከላከልለት ማይኮታዮል ለተባለው ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ በ2004 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የመጀመሪያውን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን የተነቀለበት ባክቴሪያ አይጦችን የማጥቃት ኃይሉ በእጅጉ ተዳክሟል። ኢትዮጵያ የዓለም የጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ በመሆኗ ግኝቱ ለአገሪቱም ባዕድ አይደለም። ሆኖም ተመሳሳይ ኢንዛይም በሰው ሕዋስ ውስጥም ስላለ፣ የሚፈለገው መድኃኒት የባክቴሪያውን ብቻ ለይቶ የሚመታ መሆን ይኖርበታል። እንዲህ ያለ መድኃኒት እስካሁን ለሕሙማን አገልግሎት አልበቃም።