እንዶድ፤ ከጓሮ አጥር እስከ ቤተ ሙከራ

እንዶድ ሐረጋማ ቁጥቋጦ፣ ማለትም እንደ ዛፍ ራሱን ችሎ ከመቆም ይልቅ በአጠገቡ ባገኘው አጥር፣ ዛፍ ወይም የቤት ጥግ ተደግፎ ወደ ላይ የሚወጣ ተክል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ወይና ደጋና ደጋ አካባቢዎች ይበቅላል፤ የሚደገፍበት ሲያገኝም እስከ 10 ሜትር ያህል ይረዝማል። የፋብሪካ ሳሙና ከመስፋፋቱ በፊት ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በአብዛኛው በዚህ ሐረግ ፍሬ ስለነበር፣ የእንዶድ ታሪክ ከንጽሕና ባህል ታሪክ ተለይቶ አይታይም።

የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ከተወቀጠ በኋላ በውኃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል። አረፋውን የሚያስገኘው ሳፖኒን የተባለው፣ በብዙ ዕፅዋት ውስጥ የሚገኝ እንደ ሳሙና ያለ ንጥረ ነገር ነው። ይሁን እንጂ እንዶድ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ተክል ላይ የሚገኙ በመሆናቸው፣ ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአጥር ላይ የወጣውን ሐረግ አውቆ ለመያዝ ስሙን ማወቅ ብቻ ሳይሆን ጾታውን መለየትም ያስፈልጋል።

ይህ የቤት ዕውቀት ወደ ሳይንስ የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ቢልሃርዝያን፣ ማለትም በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፈውን የጥገኛ ትል በሽታ ያጠኑ የነበሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ወደ ታች ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ፤ ከዚህ ምልከታ ተነሥተውም ፍሬው ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዚያው በዐድዋ በተካሄደው ሙከራ፣ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ከዚያ በኋላ አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአካባቢው የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች እያወዳደሩ፣ በምርትና በኃይል ብልጫ ያሳየውን «ዓይነት 44» ለይተዋል። ከዘር የሚበቅለው እንዶድ ጠባዩ ስለሚለያይና ወንድም ሊሆን ስለሚችል፣ የተመረጠው ዓይነት ሳይለወጥ የሚቆየው ከሴቴው ተክል በሚቆረጥ ቅርንጫፍ ሲራባ ነው፤ ፍሬውም ከመቅላቱ በፊት፣ አረንጓዴ ሳለ ሲለቀም ኃይሉ የበረታ ይሆናል። ሁለቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸላሚዎች ሆኑ።

ለዚህ ግኝት መነሻ የሆኑት እናቶች ስማቸው በመዝገብ አልሰፈረም፤ ሆኖም ፍሬውን ለቅመው፣ አድርቀውና ወቅጠው ወደ ወንዝ መውረዳቸው ባይኖር ኖሮ ተመራማሪው በዚያ ወንዝ ዳር የሚመለከተው ነገር አይኖርም ነበር። ስለዚህ በአጥር ላይ የተንጠላጠለ እንዶድ፣ እንደ ማንኛውም አረም ተቆርጦ ከመጣሉ በፊት፣ በቅድሚያ በማንነቱ ሊታወቅ ይገባዋል።