የጡረታ አበልና የሚሰጠው እጅ

የጡረታ ነገር ሲነሣ ሁላችንም አስቀድመን የምንጠይቀው «አበሉ ስንት ይሆናል?» ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ ጋር አብሮ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ገንዘቡ በማን እጅና በምን መንገድ ከባለመብቱ ዘንድ ይደርሳል? የሚለው ነው። ይህ የጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ የሚመስል ነገር የሰውን ክብር የሚጠብቅ ወይም የሚያዋርድ፥ አንዳንድ ጊዜም ንጹሑን ሰው ለወኅኒ የሚዳርግ መሆኑን ከእንግሊዝ አገር ታሪክ እንረዳለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ አገር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ ጉልበቱ ለደከመ ድኻ ሽማግሌ የነበረው መሸሸጊያ የድኾች መርጃ ሕግ ነበር። በ1834 በተሻሻለው በዚህ ሕግ ርዳታ የሚለምን ሰው በሹማምንት ፊት ቀርቦ ድኽነቱን ያስመሰክራል፤ አንዳንዱም ቤቱን ትቶ ወንዶችና ሴቶች ተለያይተው ወደሚኖሩበት የድኾች የሥራ ቤት ይገባል፤ እንደራሴ የመምረጥ መብቱንም ያጣል። እንጀራው ከውርደት ጋር የሚሰጥ በመሆኑ ርዳታውን ከመለመን ይልቅ ተርቦ መኖርን የመረጠ ብዙ ነበር።

በ1908 በጠቅላይ ሚኒስትሩ በአስክዊዝና በገንዘብ ሚኒስትሩ በሎይድ ጆርጅ ዘመን ፓርላማው የሽማግሌዎችን የጡረታ ሕግ አወጣ። ዕድሜው 70 የሞላ፥ የዓመት ገቢውም ከ21 ፓውንድ የማይበልጥ ሰው በሳምንት 5 ሺልንግ እንዲሰጠው ተወሰነ፤ ገቢው ከፍ ያለው አበሉ እየተቀነሰ፥ ከ31 ፓውንድ ከ10 ሺልንግ ያለፈው ግን ምንም እንዳያገኝ ሆነ። እንደምታዩት ገንዘቡ ጥቂት፥ የተወሰነውም ዕድሜ የገፋ ነበር። የሕጉ ታላቅነት ግን በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ አበሉን መቀበል የመምረጥንም ሆነ ሌላውን መብት እንዳያስቀር በግልጽ መደንገጉ ነው። ሁለተኛው፥ ገንዘቡ በድኾች ሹማምንት እጅ ሳይሆን፥ ሀብታሙም ድኻውም ቴምብር ሊገዛ በሚገባበት በፖስታ ቤት መስኮት መከፈሉ ነው።

ስለዚህ ዓርብ ጃንዋሪ 1 ቀን 1909 በመላው አገር ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወደ ፖስታ ቤት ሄዱ። በፖስታ ቤት የሠራችው ጸሐፊ ፍሎራ ቶምፕሰን እንደ ተረከችው፥ ገንዘቡን ሲቀበሉ ያለቀሱ፥ ለከፈለቻቸውም ልጃገረድ ከጓሮአቸው አበባና ፖም ያመጡ ነበሩ። ያመሰገኑት ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ አንገት ሳይደፉ መቀበላቸውንም ጭምር ነበር።

የአከፋፈሉ ሥርዓት ቀላል ነበር። ባለጡረታው የክፍያ ደብተር ይሰጠዋል፤ በየሳምንቱ ለሳምንቱ በተመደበው ቅጠል ላይ ይፈርማል፤ ከፋዩም ማኅተም አድርጎ ገንዘቡን ይቆጥርለታል። መሄድ ያልቻለ ሰው ደግሞ ሌላ ሰው ይወክላል። በ1948 የማኅበራዊ ኢንሹራንስ ሕግ ሥራ ላይ ውሎ አበሉ ለብዙ ሕዝብ ሲዳረስም የፖስታ ቤቱ መስኮት አልተዘጋም። የመንደሩ ፖስታ ቤት ሹም ከሱቁ ጋር አጣምሮ የሚሠራ፥ ባለጡረታዎቹን በስም የሚያውቅ ሰው ነበርና፥ አንዱ በቀኑ ቢቀር «ታሞ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም ነበር።

ነገር ግን ደብተሩ ይሰረቃል፥ ይጭበረበራል፥ ወጪም ያበዛል የሚል አቤቱታ ተነሣ። በ1996 መንግሥትና ፖስታ ቤቱ በደብተሩ ፈንታ አበል በካርድ የሚከፈልበትን የኮምፒዩተር ሥራ ለአንድ ድርጅት በውል ሰጡ። ሥራው ዘገየ፤ በ1999ም የካርዱ ነገር ተሰረዘ። ሆራይዘን የተባለው ኮምፒዩተር ግን የፖስታ ቤቶቹን ሒሳብ እንዲይዝ ቀረ። ጉድለት ነበረበትና ያልጠፋውን ገንዘብ ጠፋ እያለ ያሳይ ጀመር። የታመነው ግን ሰው ሳይሆን መኪናው ነበረ። በዚህ ምክንያት ከ1999 እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ሰዎች በስርቆትና በሐሰት ሒሳብ ተፈረደባቸው፤ የታሰሩም፥ ቤታቸውን ያጡም አሉ። በ2019 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የኮምፒዩተሩን ጉድለት አረጋገጠ፤ በ2024ም ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ አወጣ። የሽማግሌውን ገንዘብ ከሌባ ለመጠበቅ የታሰበው መሣሪያ፥ ገንዘቡን በታማኝነት ሲከፍሉ የኖሩትን ሌባ አሰኛቸው።

ደብተሩም ከ2003 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ቀረ፤ አበሉ በባንክ በኩል ይገባ ጀመር። ከ2010 ጀምሮም አዲስ ገቢዎች ቀድሞ በየሳምንቱ አስቀድሞ ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በየአራት ሳምንቱ፥ ያውም ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚቀበሉ ሆኑ። ለባለሀብት ይህ ኢምንት ነው፤ ዳቦውን በዕለት ገንዘብ ለሚገዛ ሽማግሌ ግን ሌላ ሕግ እንደ ወጣበት ያህል ነው። በእርግጥ ባንኩ ለብዙዎች ድካምን አስቀርቷል፤ ለውጥ ሁሉ ክፉ ነው አንልም። ክፉው፥ አከፋፈሉን የሚለውጠው ባለሥልጣን ወጪውን ብቻ አስልቶ ተቀባዩን መርሳቱ ነው።

ክቡራን አንባቢዎች፤ አብዛኞቻችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁና ነገሩ በሁለት ወገን ይመለከታችኋል። ከደመወዛችሁ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቀነሳል፤ መንግሥትም 11 በመቶ ይጨምርበታል፤ ስለዚህ አበሉ ጥሪት እንጂ ምጽዋት አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚያሰኘውን ፍርሃት የሚያርቀውም በቀኑ፥ ያለ እንግልት፥ በክብር የሚደርስ ጡረታ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ መዝገቡን የምትይዙት፥ መኪናውን የምትመሩት፥ «ነገ ተመለሱ» ለማለትም ሆነ ላለማለት ሥልጣን ያላችሁ እናንተው ናችሁ። መዝገቡ አንድ ነገር፥ በፊታችሁ የቆመው ሰው ሌላ ነገር ሲናገሩ፥ ከመፍረዳችሁ በፊት ሁለቱንም መርምሩ። ዛሬ ከመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ነገ ከመስኮቱ ውጭ ይቆማልና።